ሽማግሌ ሲመላለስ ሦስቱ ወር ያልፋል

በገጠር በአረጋውያን ላይ ለሚፈጸመው በደል መነሻው መሬት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ጉልበት የከዳቸው እናት ማሳቸውን ለልጃቸው ያሳርሳሉ። በመጀመሪያው መኸር እኩሉ ይገባላቸዋል፤ በሁለተኛው ሲሶ ይሆናል፤ በሦስተኛው የይዞታ ደብተሩ በልጅ ስም ይዙር የሚል ጥያቄ ይከተላል። እምቢ ሲሉ እህል ይከለከላሉ፣ ይሰደባሉ፣ በመጨረሻም ዱላ ይነሳባቸዋል። ጎረቤት የቤት ጉዳይ ነው ብሎ ዝም ይላል።

ሕጉ ግን የቤት ጉዳይ አይለውም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳት ያደረሰን ሰው እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ተጎጂው ደካማ፣ በሽተኛ ወይም ራሱን ለመከላከል የማይችል ሲሆን ቅጣቱ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት እስራት ይሆናል። ከባድ ጉዳት ከሆነማ በአንቀጽ 555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል፤ ክሱም የተበዳይን አቤቱታ አይጠብቅም።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባው በአቤቱታ ብቻ ለሚያስከስሰው ወንጀል የተወሰነውን ጊዜ ነው። አቤቱታው ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን አንስቶ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ከጥምቀት ማግስት የተጀመረ ሽምግልና እስከ ፋሲካ ሲጓተት ቀኑ ያልቃል፤ ቁስሉም ይሽራል። እርቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጁ ጉልበት ስሞ በሳምንቱ ዱላውን የሚያነሳ ከሆነ የሽማግሌዎቹ ድካም ለማን ጠቀመ?

በ1968 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 71 የተጠናከረው የገበሬ ማኅበር የፍርድ ሸንጎ ዛሬ የለም። የመሪው ሥራ መፍረድ ሳይሆን ማድረስ ነው፦ መራመድ የማይችሉትን እናት በዚያው ቀን በበቅሎም በቃሬዛም ጤና ጣቢያ ማስመርመር፣ ለፖሊስ ማስታወቅ፣ ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶችን ለምስክርነት ማዘጋጀት። ለደረሰባቸው ጉዳት ካሣ በዚያው በወንጀሉ ክስ ውስጥ እንዲወሰንላቸው መጠየቅ እንደሚችሉም ሊነገራቸው ይገባል።

ብዙ እናቶች ልጃቸው እንዲታሰር አይፈልጉም። ለእነዚህ የቀለብ ክስ አለ፤ የቤተሰብ ሕጉ ልጅ ችግረኛ ወላጁን እንዲመግብ፣ እንዲያለብስ፣ እንዲያሳክም ያስገድዳልና። ይዞታ ይዛወር የሚል ወረቀት ለምስክርነት ሲቀርብ ደግሞ መሪው ከመፈረሙ በፊት አረጋዊቷን ልጁ በሌለበት ለብቻቸው ያነጋግር።