የፋቂው ጥበብና የቆዳው ኬሚስትሪ

በመቱ፣ በጎሬና በአጎራባች ከተሞች ዝናቡ ከዓመቱ ብዙዎቹን ወራት ይይዛል። እርጥብ ቆዳ ከክብደቱ 60 በመቶ በላይ ውሃ በመሆኑ እንዲህ ባለ አየር ባክቴሪያ ፈጥኖ ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ቁርበት፣ ስልቻና ጠፍር የሚያዘጋጀው ፋቂ የመጀመሪያ ተግባሩ ከጊዜ ጋር መሽቀዳደም ነው።

ሥጋና ስቡን መፋቅ የባክቴሪያውን ምግብ ይቀንሳል፤ ውሃውም በቶሎ እንዲወጣ ያደርጋል። በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው የእምቧይ ፍሬ ወተት የማርጋት ኃይል አለው፤ ይህም ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም እንደያዘ ያመለክታል። እንዲህ ያለው ኢንዛይም ፀጉር የተተከለበትን ክፍል ያላላል። እንደ ግራር ቅርፊት ያሉ ዕፅዋት የሚሰጡት ታኒን ደግሞ የኮላጅን ጭረቶችን እርስ በርስ ያስተሳስራል። ቅቤና ዘይት ግን በጭረቶቹ መካከል ገብተው ያለሰልሳሉ እንጂ አያስተሳስሩም።

የለፋውን ከለሰለሰው የሚለይ ቀላል መለኪያ አለ። ቁራጭ ቆዳ በውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ ሲሞቅ በድንገት የሚኮማተርበት ሙቀት ይመዘገባል። ጥሬ ቆዳ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይኮማተራል፤ በዕፅዋት ታኒን የለፋ ከ70 እስከ 85፤ በክሮም የለፋ እስከ 100 ወይም ከዚያ በላይ ይቋቋማል። ብራና ተወጥሮና ተፍቆ የሚደርቅ እንጂ የሚለፋ ባለመሆኑ ከጥሬው ወገን ይመደባል።

ክሮም ሥራውን በአጭር ጊዜ ይፈጽማል፤ ሆኖም ከፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ እንደ ሞጆ ባሉ ከተሞች ወንዞችን የሚያሰጋ ሆኗል። ባህላዊው ዘዴ ከዚህ መርዝ ነጻ ቢሆንም ብዙ ቀንና ጉልበት ይጠይቃል፤ መጠኑም በእጅና በዓይን ግምት ይወሰናል።

ግምቱ ግን የተጻፈ አይደለም፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ብቻ ይተላለፋል። በምዕራብ ኦሮሞ ማኅበረሰብ ፋቂዎች ለረጅም ዘመን ከመሬትና ከጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። ፕላስቲክ ስልቻውን ሲተካ የባለሙያው ልጅ የሚያስንቀውን ሙያ የሚወርስበት ምክንያት ያንሳል። ስለሆነም ጥናቱ ከቤተ ሙከራ በፊት ከባለሙያው ደጅ ሊጀምር ይገባል፤ ዕፅዋቱን መለየት፣ መጠኑን መመዘን፣ ቀኑን መቁጠር፣ ከዚያም የመኮማተሪያውን ሙቀት መለካት። ለዚህ ቴርሞሜትር፣ ሚዛንና የሚሞቅ ውሃ ይበቃሉ። ውጤቱ ሲጻፍም ዕውቀቱ የማን እንደሆነ አብሮ ሊጻፍ ይገባል።