የዱቤ ካርድ ወለድ መቼ ይወለዳል?

አንባቢ ሆይ! በአሜሪካ አገር የዱቤ ካርድ የያዘ ሰው ገንዘብ ሳይቆጥር ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ታዲያ ወለዱ የሚጀምረው መቼ ነው?

ባንኩ በየወሩ የሒሳብ መግለጫ ይልካል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፥ መግለጫው ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ እንዲላክ ያዛል። እስከዚያ ቀን ዕዳህን አሟጠህ ብትከፍል፥ አብዛኞቹ ካርዶች ስለ ገዛኸው ዕቃ ምንም ወለድ አያስቡብህም። ይህ የእፎይታ ጊዜ ይባላል።

ነገር ግን ከ1,000 ዶላር ዕዳ 900ውን ከፍለህ 100 ዶላር ብታስቀር ነገሩ ይለወጣል። ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ነው እንበል፤ ለ365 ቀን ተካፍሎ ሲታሰብ ለ100 ዶላር በቀን 7 ሳንቲም ያህል ይሆናል። «ይህማ ምን አላት?» ትል ይሆናል። ዋናው ጉዳት ግን ሌላ ነው። የእፎይታው ጊዜ ስለ ቀረብህ፥ ነገ የምትገዛው የ500 ዶላር ዕቃ ከገዛህበት ቀን አንሥቶ በየዕለቱ 33 ሳንቲም ያህል ይቆጥርብሃል።

ስለዚህ መግለጫው ሲደርስህ ዓይንህ በትንሹ ክፍያ ላይ ሳይሆን በጠቅላላው ዕዳ ላይ ይረፍ። ከደመወዝህ አሟጠህ ልትከፍለው የማትችለውን ዕቃ ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ ተወው።