ስለ ሰምና ወርቅ አነጋገር

ዘይቤ ማለት ነገርን በቀጥታ ከመናገር ይልቅ አስመስሎ፣ አግንኖ ወይም ሸፍኖ የመናገር ስልት ነው። በክፍል ውስጥ ስንማረው ለፈተና የሚጠና የስም ዝርዝር ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በአንድ ቃል ምክንያት የሁለት ጎረቤታሞችን እርቅ ላበላሽ ጥቂት ቀርቶኝ ስለ ነበር፣ ክቡራን አንባብያን፣ የተረዳሁትን ያህል ልጽፍ አሰብሁ።

ከሁሉ የሚቀለው አነጻጻሪ ዘይቤ ነው። «ልጁ እንደ ዝንጀሮ ገደል ይወጣል» ስንል «እንደ» የምትለው ቃል ማነጻጸራችንን ትገልጻለች። «ልጁ ዝንጀሮ ነው» ብንል ግን «እንደ» ቀርታ አንዱ ሌላውን ሆኗልና ተለዋጭ ዘይቤ ይባላል፤ ልጁ ካልተቀየመን ማለት ነው። «ተራራው ደመና ተከናነበ» ሰውኛ ነው። ከሰቆጣ ገበያ በእግሩ የተመለሰ ሰው «ፀሐዩ አናቴን አቀለጠው» ቢል ግነት ነው። በእነዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ የሚያስቸግረው ሰምና ወርቅ ነው።

ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ በሰሙ ላይ ጭቃ ይመርግበታል፤ ጭቃው በእሳት ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስስበታል። ስለዚህ ከላይ የሚሰማው ትርጉም ሰም፣ የተናጋሪው እውነተኛ አሳብ ወርቅ፣ ሁለቱን በአንድነት የሚሸከመው ቃል ደግሞ ኅብር ይባላል። ጥበቡ የዳበረው በግዕዝ ቅኔ ነው፤ ከእኛ በስተደቡብ ያለው ዋድላ፣ በጎጃምም ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ትምህርት የታወቁ ናቸው። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪንም በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ባህል ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰይሞታል።

እኔ ግን የተማርሁት ከቤታችን ደጃፍ ላይ ነው። አባቴና አንድ ጎረቤታችን በማሳ ድንበር ተኳርፈው ክረምቱን ሙሉ ሰላምታ አልተለዋወጡም ነበር። በኅዳር ወር አንድ ማታ እኒያ ሰው መጥተው ከደጅ ቆሙና «ልጄ፣ ሌላ ፈልጌ አይደለም፤ ማር ብዬ ነው የመጣሁ» አሉኝ። የዋግ ማር የታወቀ ነው፤ እኛም ቀፎ አለን፤ የዚያን ዓመቱ ግን ተሽጦ ነበር። ስለዚህ በቅንነት «ጋሼ፣ ማር እንኳ የለም፤ አልቋል» ብዬ መለስሁላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ዞሩ። አባቴ ከውስጥ ሰምቶ ኖሮ በባዶ እግሩ ሮጦ ደረሰባቸውና «ልጅ ነው፣ አላወቀም፤ ግባ ወንድሜ» እያለ እጃቸውን ይዞ መለሳቸው።

ኅብሩ «ማር» ነው። በሰሙ የንብ ማር ነው፤ በወርቁ «ማረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ትእዛዝ፣ ይቅር በል ማለት ነው። «ማረኝ» ቢሉ ኖሮ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ብቻ በቀረ ነበር። ሰሙን የፈለጉትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አባቴ እንቢ ቢል ማር ሊጠይቁ መጥተው እንዳጡ ሰው ሆነው ሳያፍሩ ሊመለሱ ነው። የእኔም መልስ ሁለት ሆነ፤ በሰሙ ማር የለንም፣ በወርቁ ከዚህ ቤት ምሕረት አልቋል። ሳላውቀው ቅኔ ተቀኘሁ፣ ያውም ክፉ ቅኔ።

ከክፍላችን ልጆች በቤታቸው ኽምጥኛ የሚናገሩ አሉ። የዝንጀሮውን ንግግር ወደ ኽምጥኛ ቢመልሱት ትርጉሙ ይሻገራል። ኅብር ግን የቆመው በቃሉ ድምፅ ላይ ስለሆነ ቋንቋው ሲለወጥ ይፈርሳል። አንድን አነጋገር ኅብር ይሁን ሌላ ዘይቤ የተጠራጠረ ሰው በሌላ ቋንቋ ቢሞክረው ይለየዋል። አማርኛን በትምህርት ቤት የለመደ ጓደኛችን ኅብሩ ቢያመልጠው የሚስቁበት አሉ፤ እኔ በአማርኛ አፌን ፈትቼም አምልጦኛል።

ጎረቤታችን ዛሬም ወደ ቤታችን ሲመጡ፣ እኔን ባዩ ቁጥር «ማር አለ ወይ?» ይሉኛል። ሰሙን ይጠይቁኝ ወርቁን አላውቅም፤ ማር ኖረም አልኖረም «አለ» እላቸዋለሁ።