የክታቡ ዓይኖች

ዛር፣ ቡዳ፣ ዓይነ ጥላና ሾተላይ ምን እንደሆኑ ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ ደጋ ሰው ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው። ዛርማ ለአገው ምድር ባዕድ ላይሆን ይችላል፤ ጣሊያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ ጥንት አገውን ጨምሮ የኩሽ ሕዝቦች ያመልኩት የነበረ የሰማይ አምላክ ክርስትና ሲሰፋ ወደ መንፈስነት የወረደ ነው ሲል ተከራክሯል። ያልተነገረለት ግን እነዚህ ስውራን የገቡበት ሥዕል ነው። ጃፓናዊው ቶሪያማ ሴኪየን እ.ኤ.አ. በ1776 ዮካይ የሚባሉትን መናፍስት በየገጹ እየሣለ በመጽሐፍ አሳትሟል፤ ሩሲያዊው ኢቫን ቢሊቢንም በ1900 አካባቢ ባባ ያጋ የምትባለውን የተረት ጠንቋይ ለተረት መጻሕፍት ሥሏታል። ሁለቱም የሣሉት አንባቢ አይቶ እንዲደነቅ ነው። የኛ ደብተራ በክታብ ላይ የሚሥለው ጠልሰም ግን ሥራ አለው፤ ሕመምተኛውን እንዲፈውስ የተሣለ መድኃኒት ነው።

ክታብ ከበግ ወይም ከፍየል ብራና ይዘጋጃል፤ ቁራጮቹ ተሰፍተው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይረዝማሉ። ጸሎቱ በጥቁር፣ ስመ አምላክና የባለቤቱ የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። በጸሎቶቹ መካከል ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ይመጣል፤ እምብርቱ ላይ ፊት፣ ፊቱ ላይ ሁለት የፈጠጡ ዓይኖች። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ጋኔኑን ሥለውት ነው» ይላል፤ ይህ ስሕተት መታረም አለበት። ከደብተራዎች ጋር ዓመታት የሠራው ፈረንሳዊው ዣክ መርሲዬ እንደመዘገበው፣ መንፈሱ በሕመምተኛው ዓይን ያያል። ሕመምተኛው ጠልሰሙን ትኩር ብሎ ሲያይ ውስጡ ያደረውም አብሮ ያያል፤ ያን እይታ መቋቋም ሲያቅተው ይሸሻል። እንግዲህ ዓይኖቹ የተሣሉት ለተመልካች ሳይሆን ለአዳሪው መንፈስ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በጎን በአንድ ዓይን መሣሉም የኮከቡን ፊት የሰይጣን መልክ ነው ለሚል ሰው አይመቸውም።

«በክታብ ላይ አጋንንት ተሥለው የለም ወይ?» ለሚል፣ አዎ፣ አሉ። ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ላይ ሆኖ በጦር የሚወጋት ውርዝልያ አንዷ ናት። ሕፃናትን የምትገድል ናት፤ የራሱንም ልጅ ስለገደለችበት አሳዶ ወጋት፣ እሷም ስሙ ባለበት እንዳትደርስ ማለች። ልጅ የሚሞትባቸው እናቶች ጸሎተ ሱስንዮስን የሚይዙት ለዚህ ነው። ያ ሥዕል ግን ታሪክ ይተርካል፤ ኮከቡና ዓይኖቹ የሚተርኩት ታሪክ የላቸውም፣ እዚያው ሆነው ይመለከታሉ። ሁለቱን አንድ ማድረግ ነው ስሕተቱን የወለደው።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የሃይማኖትና የሕክምና ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጥንቆላን አጥብቀው ተዋግተዋል፤ ከዚያም ወዲህ ክታብን የሚያወግዙ ካህናት አልጠፉም። ውግዘቱ ተገቢ ነው ብንል እንኳ ጥበቡን ሳናውቅ መቅረት የለብንም። ሕክምናውን በተመለከተ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ዛሬ ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት የእናትና የፅንስ ደም አለመጣጣም የሚያስከትለውን ጉዳት በመርፌ መከላከል ይቻላል። ደሟ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነ ነፍሰ ጡር ክታብ ብትይዝም ባትይዝም ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት።

ክታቡን ለቱሪስት ለመሸጥ ጠልሰሙን ቆርጠው በመስታወት የሚሰቅሉት ግን ሁለት ነገር ያጠፋሉ፤ በቁመቱ የተለካለትን ሰውና በቀይ የተጻፈውን ስም። የአያት ክታብ በቤታችሁ ካለ አትቁረጡት፣ ስሙን አትፋቁ፤ እንደተጠቀለለ በደረቅ ቦታ አስቀምጡት።