የብሪታኒያ የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል መዛወር

የብሪታኒያ የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል መዛወር (ፕራይቬታይዜሽን) ከ1979 እስከ 1997 አገሪቱን የመሩት የወግ አጥባቂ ፓርቲ መንግሥታት ያካሄዱት የኢኮኖሚ ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው በጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር (1979–1990) ተጀምሮ በተተኪያቸው በጆን ሜጀር (1990–1997) ቀጥሏል። በዚህ ጊዜ ስልክ፣ ጋዝ፣ አየር መንገድ፣ ብረታ ብረት፣ ውሃ፣ ኤሌክትሪክና ባቡር ከመንግሥት እጅ ወጥተዋል። ፖሊሲው ለብዙ አገሮች አርአያ ቢሆንም ውጤቱ በሁሉም ዘርፍ አንድ ዓይነት አልነበረም። ተወዳዳሪ ድርጅት ሊገባባቸው በቻሉ ዘርፎች አገልግሎቱ ተሻሽሏል፤ ተጠቃሚው ሌላ አማራጭ በሌለው እንደ ውሃ ባለ ዘርፍ ግን ውዝግቡ እስከ ዛሬ አልበረደም። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መነሻ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የክሌመንት አትሊ የሌበር ፓርቲ መንግሥት (1945–1951) የከሰል ድንጋይ፣ የባቡር፣ የጋዝ፣ የኤሌክትሪክና የብረት ኢንዱስትሪዎችን ወርሶ ነበር። በ1970ዎቹ ኢኮኖሚው ተናጋ። የዋጋ ግሽበት በ1975 ከ24 በመቶ በላይ ደረሰ፤ በ1976 መንግሥት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 3.9 ቢሊዮን ዶላር ለመበደር ተገደደ። በ1978–79 ክረምት ደግሞ የሠራተኞች አድማ አገሪቱን አናወጠ። በግንቦት 1979 ምርጫ ያሸነፉት ታቸር የመንግሥት ድርጅቶች በኪሳራ የሚሠሩና ግብር ከፋዩን የሚያስከፍሉ ናቸው ብለው ይከራከሩ ነበር። ከሽያጩ ጎን ለጎን ከፍተኛው የገቢ ግብር ከ83 በመቶ ወደ 60፣ በ1988 ደግሞ ወደ 40 በመቶ ዝቅ ብሏል። በአንጻሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ8 በመቶ ወደ 15 በመቶ ከፍ ተደርጓል።

ስልክ

የስልክ አገልግሎት እስከ 1981 የፖስታ ቤት አካል ነበር፤ አዲስ መስመር ለማስገባት ወራት መጠበቅ የተለመደ ነበር። በኅዳር 1984 መንግሥት ከብሪቲሽ ቴሌኮም አክሲዮን ግማሽ ያህሉን በ3.9 ቢሊዮን ፓውንድ ሸጠ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ገዙ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 130 ፔንስ ሲሆን በመጀመሪያ የሚከፈለው 50 ፔንስ ብቻ ነበር። ይህ አክሲዮን በመጀመሪያው የገበያ ቀን ከ90 ፔንስ በላይ ስላወጣ፣ መንግሥት የሕዝብን ንብረት ያለ ዋጋው ሸጠ የሚል ትችት ተነሣ። ራሳቸው የወግ አጥባቂ ፓርቲ አባል የነበሩት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን በ1985 ሽያጩን የቤተሰብ ቅርስ አውጥቶ ከመሸጥ ጋር አመሳስለውታል።

ኩባንያው ዋጋ እንደፈለገ እንዳይጨምር ኦፍቴል የተባለ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የቁጥጥሩን ዘዴ ያቀረቡት የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ስቲቨን ሊትልቻይልድ ናቸው። በዘዴው መሠረት የዋጋ ጭማሪው ጣሪያ ከግሽበቱ ላይ 3 ተቀንሶ ይወሰናል፤ ለምሳሌ ግሽበቱ 5 በመቶ ቢሆን የዋና ዋና አገልግሎቶች አማካይ ዋጋ ከ2 በመቶ በላይ ሊጨምር አይችልም። ኩባንያው ወጪውን ከቀነሰ ትርፉ የራሱ ስለሚሆን በቅልጥፍና እንዲሠራ ይገፋፋዋል። ከ1991 በኋላ ገበያው ለሌሎች ኩባንያዎችም ሲከፈት የጥሪ ዋጋ ቀነሰ፣ ወረፋውም ቀረ። ይሁን እንጂ ኩባንያው በ1990ዎቹ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን ቀንሷል።

ውሃና ባቡር

በ1989 የእንግሊዝና የዌልስ 10 የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣናት ተሸጡ። ከሽያጩ በፊት መንግሥት ወደ 5 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ዕዳቸውን ሰርዞ ነበር። በአንድ ሰፈር ሁለት የቧንቧ መስመር መዘርጋት አዋጭ ስላልሆነ ነዋሪው አቅራቢውን መለወጥ አይችልም፤ ተጠቃሚውን እንዲጠብቅ የተቋቋመው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኦፍዋት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኢንቨስትመንት ጨምሮ የመጠጥ ውሃ ጥራት ተሻሽሏል። በኋላ ግን ኩባንያዎቹ ለባለ አክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ እየከፈሉ ከፍተኛ ዕዳ ውስጥ ገቡ፤ የለንደኑ ቴምስ ዋተር ዕዳ ከ15 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ደርሷል። ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዞችና ወደ ባሕር መለቀቁም የሕዝብ ቁጣ ቀስቅሷል። በ2025 መንግሥት ኦፍዋትን አፍርሶ በአዲስ ተቆጣጣሪ እንደሚተካው አስታውቋል። በስኮትላንድ ግን ውሃ ከመንግሥት እጅ አልወጣም።

የባቡር አገልግሎት በ1993 በወጣ ሕግ ተከፋፍሎ ሐዲዱ ለሬልትራክ፣ ጉዞው ደግሞ ለተለያዩ ኩባንያዎች ተሰጠ። በጥቅምት 2000 በሃትፊልድ በተሰነጠቀ ሐዲድ ምክንያት በደረሰ አደጋ 4 ሰዎች ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት ሬልትራክ ከሰረ፤ ሐዲዱንም በ2002 ኔትወርክ ሬል ተረከበ።

የማዘጋጃ ቤት ቤቶች

በ1979 ከብሪታኒያ ቤተሰቦች አንድ ሦስተኛ ያህሉ፣ በኢትዮጵያ የቀበሌ ቤት ከሚባለው ጋር በሚመሳሰሉ፣ ከማዘጋጃ ቤት በተከራዩአቸው ቤቶች ይኖሩ ነበር። የ1980 የቤቶች ሕግ ተከራዮች የሚኖሩበትን ቤት ከ33 እስከ 50 በመቶ በሚደርስ ቅናሽ እንዲገዙ ፈቀደ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ባለቤት ሆኑ፤ ለልጆቻቸውም ውርስ አገኙ። ማዘጋጃ ቤቶች ግን የሽያጩን ገንዘብ ለአዲስ ግንባታ እንዳያውሉ ገደብ ስለተጣለባቸው የተሸጠው ቤት አልተተካም። ከተሸጡትም ብዙዎቹ ውለው አድረው በግል አከራዮች እጅ ገቡ። ስለዚህ የቀጣዩ ትውልድ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ነዋሪ ለተመሳሳይ ቤት ከፍ ያለ ኪራይ ይከፍላል፤ ከኪራዩም ከፊሉን ብዙ ጊዜ መንግሥት በድጎማ ይሸፍናል። ስኮትላንድ በ2016፣ ዌልስ በ2019 ይህን የመግዛት መብት አስቀርተዋል።

ሥራና የገቢ ልዩነት

ድጎማ መቀነሱና ኪሳራ ያለባቸው ፋብሪካዎችና ማዕድን ማውጫዎች መዘጋታቸው የሥራ አጡን ቁጥር በ1980ዎቹ ከ3 ሚሊዮን በላይ አደረሰው። የከሰል ድንጋይ ቆፋሪዎች ከመጋቢት 1984 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል አድማ መትተው ተሸነፉ። በዮርክሻየር፣ በደቡብ ዌልስና በደርሃም የነበሩ የማዕድን መንደሮች የሥራ ምንጫቸውን አጡ። የመጨረሻው ጥልቅ የከሰል ጉድጓድ ኬሊንግሊ በ2015 ተዘግቷል። በ1979 ከ13 ሚሊዮን በላይ የነበረው የሠራተኛ ማኅበራት አባል ቁጥር በ1990 ከ10 ሚሊዮን በታች ሆነ። የገቢ ልዩነትን የሚለካው የጂኒ መለኪያም በዚሁ ጊዜ ከ0.25 አካባቢ ወደ 0.34 አካባቢ ከፍ ብሏል።

ግምገማ

ደጋፊዎች ማሻሻያው ግሽበትን አርግቧል፣ የድርጅቶችን ምርታማነት አሳድጓል፣ የለንደንን የፋይናንስ ገበያ አጠናክሯል ይላሉ። ተቺዎች ደግሞ ጥቅሙ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ማድላቱን ይጠቅሳሉ። ታቸር የተስፋፋ የአክሲዮን ባለቤትነት ቃል ገብተው ነበር። የባለ አክሲዮኖች ቁጥር በእርግጥ ጨመረ፤ ብዙዎቹ የያዙት ግን ጥቂት አክሲዮን ስለነበር ግለሰቦች በብሪታኒያ ኩባንያዎች የያዙት ድርሻ በ1981 ከነበረበት 28 በመቶ ገደማ በ1991 ወደ 20 በመቶ ወርዷል። በ1997 ሥልጣን የያዘው የሌበር ፓርቲ የተሸጡትን አብዛኞቹን አልመለሰም፤ በተሸጡት የአገልግሎት ኩባንያዎች ላይ ግን የአንድ ጊዜ ልዩ ግብር ጣለ። የመንገደኞችን ባቡር ወደ መንግሥት ይዞታ የሚመልሰው ሕግ የወጣው በ2024 ነው።