ስብ ዝም አይልም

የወፈረ ሰው የሆድ ስብ በአጉሊ መነጽር ሲታይ አንድ የማይረሳ ምስል አለው። መሃል ላይ ከመጠን በላይ ተለጥጣ የሞተች የስብ ሴል ትታያለች፤ ዙሪያዋን በሽታ ተከላካይ ሴሎች ጥቅጥቅ ብለው ከበዋታል። ቅርጹ ዘውድ ስለሚመስል ተመራማሪዎችም በዘውድ ስም ይጠሩታል። ሴሎቹ የመጡት ሬሳዋን ሊያነሱ ነው፤ ግን የምትሞተው አንዷ ብቻ ስላልሆነች ሥራቸው አያልቅም። የሚለቁት ኬሚካል በደም ዞሮ ጉበት ይደርሳል፤ ጉበትም ሲአርፒ የተባለውን ፕሮቲን ያመርታል። ቁስል የለም፣ ትኩሳት የለም፤ ሰውነት ግን ውስጥ ውስጡን ይቆጣል። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህ ነገር ለስኳርና ለልብ በሽታ መንገድ ይጠርጋል።

ስብ ሆርሞንም ይሠራል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ኢስትሮጂን በዋናነት የሚመጣው ከስብ ነው፤ ስቡ በበዛ ቁጥር እሱም ይበዛል፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ መብዛቱ የጡት ካንሰር ስጋትን ከፍ ያደርጋል።

ታዲያ ክብደት ሲቀንስ ምን ይለወጣል? በሲያትል የሚገኘው የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ማዕከል የወር አበባቸው የቆመ 439 ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። አንዳንዶቹ አመጋገባቸውን ብቻ አስተካከሉ፤ ሌሎች በሳምንት 5 ቀን 45 ደቂቃ ስፖርት ብቻ ሠሩ፤ ሁለቱንም ያደረጉና ምንም ያልለወጡም ነበሩ። ስፖርት ብቻ የሠሩት የቀነሱት 2.4 በመቶ ነው። አመጋገብ ብቻ ያስተካከሉት 8.5፣ ሁለቱንም ያደረጉት 10.8 በመቶ ቀነሱ። ሲአርፒ በአመጋገብ ብቻ 36፣ በሁለቱ 42 በመቶ ወረደ፤ ኢስትራዲዮል የተባለው የኢስትሮጂን ዓይነትም 16 እና 20 በመቶ።

ይህን አይቶ ስፖርቱን የሚተው ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ። የሚሠራ ጡንቻ ራሱ ኢንተርሉኪን 6 የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። በሌላ ጊዜ ይኸው ንጥረ ነገር ከብግነት ጋር ስሙ ይነሳል፤ ከጡንቻ ሲወጣ ግን ብግነትን የሚያበርዱ ኬሚካሎችን ይጠራል። የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ሥራ ሰዎችን ለ12 ሳምንት ብስክሌት አስነድተዋል። ፔዳሉን ከመቱት መካከል የንጥረ ነገሩን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት የተሰጣቸው ግን የሆድ ዕቃቸውን የከበበው ስብ አልቀነሰላቸውም።

አሁን ደግሞ እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ አለ። ቀንሳ መልሳ የወፈረችን ሴት «አፏን መያዝ አቃታት» እንላታለን፤ የሚታገላት ግን የገዛ ሰውነቷ ነው። ስብ ሲያንስ ለአእምሮ «ጠግበናል» የሚለው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ይወርዳል፤ ከጨጓራ የሚነሳው ግሬሊን ደግሞ ረሃብን ይቀሰቅሳል። በ2011 የታተመ የሜልበርን ጥናት 50 ሰዎችን ለ10 ሳምንት እጅግ አነስተኛ ምግብ አበላ። በአማካይ ከ13 ኪሎ በላይ ቀነሱ፤ ሌፕቲናቸውም ከግማሽ በላይ ወረደ። ከቀነሱ ከአንድ ዓመት በኋላ ደማቸው እንደገና ሲመረመር፣ ከኪሎው የተወሰነው ተመልሶ እንኳ ሆርሞኖቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው አልተመለሱም ነበር። ረሃባቸውም ገና ከመጀመራቸው በፊት ከነበረው የበረታ ነበር።