ምርጫው የተጫዋቹ፣ ውጤቱ የዳይሱ

በምርጫ የሚመራ የጀብዱ ጌም ዋና መሣሪያው ጽሑፍ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ሁኔታ ይተረካል፤ ከሥሩ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት አማራጮች ይደረደራሉ፤ ተጫዋቹ አንዱን ሲነካ ታሪኩ በዚያው በኩል ይቀጥላል። የጣት ቅልጥፍና ብዙም አይጠየቅም። የሚፈተነው ማንን ማመን፣ መቼ መሸሽ፣ የቱን ትቶ የቱን ማትረፍ እንደሚሻል የመፍረድ ችሎታ ነው። እንዲህ ዓይነት ጌም የሚጫወት ሰው ተሳስቶ ቢሸነፍ እምብዛም አይከፋውም። ደሙን የሚያፈላው አስቦና አመዛዝኖ የተሻለውን ከመረጠ በኋላ መሸነፉ ነው። ከብዙዎቹ አማራጮች ጀርባ ኮምፒውተሩ ዳይስ ይጥላልና።

ልማዱ የቆየ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ ሦስት የመምህርነት ሠልጣኞች ለታሪክ ትምህርት ብለው «ዘ ኦሬገን ትሬይል» የተባለ የኮምፒውተር ጌም ሠሩ። ተጫዋቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ምዕራብ የሚሰደዱ ሰፋሪዎችን ጋሪ ይመራል፤ ስንቅና ጥይት ምን ያህል እንደሚገዛ የሚወስነው እሱ ነው፤ በሽታው፣ ዝናቡና የጋሪው መሰበር ግን በዕጣ ይመጣሉ። ከሦስቱ አንዱ ዶን ራዊትሽ ቆየት ብሎ የየአደጋውን ዕድል ሰፋሪዎቹ ራሳቸው ከጻፏቸው የጉዞ ማስታወሻዎች እየለቀመ አስተካከለው። በዚያ ጌም ዕጣው ሥራ ነበረው፤ መንገዱ ምን ያህል ጨካኝ እንደነበረ ለተማሪው ያስረዳ ነበር። በ1982 ደግሞ እንግሊዛውያኑ ስቲቭ ጃክሰንና ኢያን ሊቪንግስተን አንባቢው ራሱ እየመረጠ ከገጽ ገጽ የሚዘልበት፣ ጭራቅ ሲገጥመው በሁለት ዳይስ የሚዋጋበት መጽሐፍ አሳተሙ። የዛሬዎቹ ጌሞች የነዚህ ልጆች ናቸው።

አሁን ይህን መንገድ የያዙት በአብዛኛው ኢንዲ የሚባሉት፣ ከትላልቅ አሳታሚ ኩባንያዎች ውጭ በጥቂት ሰዎች የሚሠሩ ጌሞች ናቸው። አንዱ ምክንያት አቅም ነው። ሦስትና አራት ሰው ሆኖ ለወራት የሚያጫውት ታሪክ ከዳር እስከ ዳር መጻፍ አይቻልም፤ ጥቂት መቶ ክስተቶችን ጽፎ ቅደም ተከተላቸውንና ውጤታቸውን ለዕጣ መስጠት ግን ይቻላል። ተጫዋቹ ደጋግሞ ሲጀምር በየጊዜው ሌላ ታሪክ ይገጥመዋል። ደጋግሞ እንዲጀምር ደግሞ ደጋግሞ መሸነፍ አለበት፤ የክብደቱ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው፣ ሠሪዎቹ ጮክ ብለው ባይናገሩትም።

ሆኖም ክብደትና ዕድል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ገበጣ ከባድ ነው፣ ግን ጠጠሩ ሁሉ ዓይን ፊት ስላለ የተሸነፈ ሰው ከራሱ በቀር የሚወቅሰው የለም። ዕድል ራሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከምርጫው በፊት ይመጣል፦ ጌሙ ካርታውን፣ ጠላቱን፣ ገበያውን በዕጣ ያዘጋጃል፤ ተጫዋቹ የደረሰውን አይቶ ይወስናል። ሁለተኛው ከምርጫው በኋላ ይመጣል፦ ተጫዋቹ ወስኗል፣ ከእንግዲህ የሚያደርገው የለም፣ ዳይሱ ግን ገና እየተንከባለለ ነው። ተጫዋቾች ሲያማርሩ የሚሰማው በአብዛኛው በሁለተኛው ነው፤ በተለይ ዕድሉ ስንት እንደሆነ ካልተነገራቸውና ኪሳራው የሰዓታት ድካም ከሆነ።

ክብደቱም ሁለቱ የዕድል ዓይነቶችም አብረው የሚታዩበት ጥሩ ምሳሌ በመስከረም 2012 የወጣው «ኤፍ ቲ ኤል» ነው። ማቲው ዴቪስና ጀስቲን ማ የተባሉ ሁለት ሰዎች ሰብሴት ጌምስ ብለው በሰየሙት ድርጅት ሥር ሠሩት፤ ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ 10,000 ዶላር ጠይቀው 200,542 ዶላር አገኙ። ተጫዋቹ አንዲት የጠፈር መርከብ ይዞ ከሚያሳድደው የአማፅያን ጦር እየሸሸ ስምንት ቀጠናዎችን ያቋርጣል። በየማረፊያው አንድ አጭር ታሪክና ጥቂት አማራጮች ይጠብቁታል። መርከቧ ከወደመች የጉዞው ሴቭ አብሮ ይጠፋል፤ ጉዞው ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ከነዚያ ክስተቶች በተጫዋቾች ዘንድ ስሙ የሚነሣው የሸረሪቶቹ ነው። ግዙፍ ሸረሪቶች የወረሩት ጣቢያ የእርዳታ ጥሪ ያሰማል። ጥሪውን ችላ ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ቅጣት የለውም። ሰዎቹን ልኮ መርዳትም ይቻላል፤ ቢሳካ ሽልማት አለ፣ ባይሳካ ከባልደረቦቹ አንዱ ይሞታል። የመጀመሪያዋ መርከብ ስትነሣ የምትይዘው ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ ከሦስቱ አንዱን ማጣት ማለት መሪውን፣ ሞተሩን ወይም መሣሪያውን ያለ ሰው መተው ነው። ዕድሉ ስንት ከስንት እንደሆነ ጌሙ ትንፍሽ አይልም። ደግ ልብ ያለው ጀማሪ ይረዳል፤ ይቀጣል፤ ለምን እንደተቀጣ ሳይገባው ይቀራል። ለሸረሪቶቹ የሚሆን መሣሪያ አስቀድሞ የጫነ ተጫዋች ግን በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ተጨማሪ አማራጭ ይመጣለታል፤ ሰማያዊው አማራጭ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ደኅና ነው።

ይህ ነገር መጀመሪያ የዕድል ጉዳይ ይመስላል፤ ሲቆይ ግን የዕውቀት ጉዳይ መሆኑ ይገለጣል። ክስተቶቹን በቃሉ የያዘ ተጫዋች የቱን ጥሪ ሰምቶ የቱን እንደሚያልፍ ያውቃል፤ የተካኑትም በከባዱ ደረጃ እንኳ በተከታታይ ያሸንፋሉ። ስለዚህ «ጌሙ ዕጣ ብቻ ነው» የሚለው ክስ አይጸናም። የሚጸናው ሌላ ክስ ነው፦ ያ ዕውቀት የሚገኘው በመሞት ብቻ ነው፣ ጽሑፉም ላስተዋለ ሰው ፍንጭ አይሰጥም።

ቁጥሩ ፊት ለፊት ቢጻፍስ? ያም በራሱ አይበቃም፤ የሰው ልብ የመቶኛ ስሌትን እንዳለ አይቀበለውምና። 90 በመቶ የሚል ሲያይ «በእጄ ነው» ይላል። ነገር ግን 90 በመቶ ዕድል ያለውን ሙከራ ዐሥር ጊዜ የሚያደርግ ሰው ቢያንስ አንዴ የመክሸፍ ዕድሉ 65 በመቶ ገደማ ነው። የከሸፈችው አንዷ ትታወሳለች፣ የተሳኩት ዘጠኙ ይረሳሉ። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ ማጣት የሚያሳምመው ያንኑ ያህል ማግኘት ከሚያስደስተው ይበልጣል። «ሲቪላይዜሽን» የተባለውን ጌም የፈጠረው ሲድ ማየር በ2010 በሳን ፍራንሲስኮ ለጌም ሠሪዎች ሲናገር እንዳነሣው፣ ተጫዋቾች ሦስት ለአንድ በሚበልጡበት ጦርነት መሸነፍን እንደ ስሕተት ይቆጥሩታል፤ ሦስት ለአንድ ተበልጠው ሲያሸንፉ ግን ቅሬታ የላቸውም። ቡድኑም ስሌቱን በተጫዋቹ ስሜት ልክ አስተካከለው። የጃፓኑ «ፋየር ኤምብለም» ከ2002 ጀምሮ በበርካታ ክፍሎቹ ዘዴውን ይበልጥ ረቂቅ አድርጎታል፦ ሁለት ቁጥር አውጥቶ አማካያቸውን ይወስዳል፣ በዚህም 90 ተብሎ የተጻፈው በተግባር 98 ገደማ ይሆናል። ተጫዋቹ ተታልሎ ፍትሕ አገኘሁ ይላል።

የለንደኑ ፌይልቤተር ጌምስ በ2015 ያወጣው «ሰንለስ ሲ» ደግሞ ቁጥሩን ሳይደብቅ ያበሳጫል። ከምድር በታች ባለ ጨለማ ባሕር ላይ አንድ ካፒቴን ነዳጅና ስንቅ እየቆጠረ ይጓዛል፤ በየወደቡ የሚነበበው ታሪክ እጅግ ያማረ ነው፤ የሚመረጠው አማራጭም የመሳካት ዕድሉን ይናገራል። ችግሩ የመርከቧ ዝግመት ነው። ከወደብ ወደብ ረጅም ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ካፒቴኑ ሲሞት ወራሹ ከንብረቱ ጥቂቱን ብቻ ይዞ ይነሣል፤ ተጫዋቹም አስቀድሞ ያነበባቸውን ገጾች እንደ ገና ሊያነብ ይገደዳል። በድርጊት በተሞላ ጌም አንድን መንገድ ደግሞ መሄድ ልምምድ ነው። በታሪክ ጌም ውስጥ ግን ያው አንቀጽ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነበብ ቅጣት ይሆናል። ጌሙ ሴቭ እያደረጉ መመለስን የሚፈቅድ ለዘብ ያለ ምርጫ ያለው በዚሁ ምክንያት ይመስላል።

በ2019 የወጣው «ዲስኮ ኤሊሲየም» ለጉዳዩ የተሻለ መልስ አለው። ኢስቶኒያ ውስጥ የተመሠረተው ዛኡም ስቱዲዮ የሠራው ይህ ጌም ከሚሊዮን በላይ ቃላት የያዘ ሲሆን፣ በመጠጥ ብዛት ስሙን ጭምር የረሳ መርማሪ ፖሊስ የግድያ ወንጀል ሲመረምር ያሳያል። ውስጡ ውጊያ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ነገር ንግግር ነው። ከባድ ነገር ሲሞከር ሁለት ዳይስ ይጣላሉ፣ ድምራቸው ከመርማሪው ችሎታ ጋር ይደመራል። ሁለት ስድስት ከወጣ ሁልጊዜ ይሳካል፤ ሁለት አንድ ከወጣ ሁልጊዜ ይከሽፋል። ከዚህ የተነሣ የዕድሉ ወለል 3፣ ጣሪያውም 97 በመቶ ነው፤ ፍጹም እርግጠኝነት የለም።

ይህም ጌም መጨከን ያውቃል። መርማሪው ሆቴል ክፍል ውስጥ ሲነቃ ክራባቱ ጣሪያው ላይ ባለው ማራገቢያ ይሽከረከራል። አካላዊ ብርታቱን ዝቅ አድርጎ የጀመረ ተጫዋች ክራባቱን ለማውረድ ሲንጠራራ ልቡ ቀጥ ብሎ ሊሞት ይችላል፤ መብራቱን ማብራትም ሊገድለው ይችላል። ጌሙ ከተጀመረ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ነገሩ ግን ያስቃል እንጂ አያናድድም፤ የጠፋ ድካም የለምና።

ዋናው ልዩነት ውድቀቱ የተጻፈ መሆኑ ነው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ 130 ሪያል ዕዳ ሲጠይቀው መርማሪው ሮጦ ሊያመልጥ ይችላል። ዳይሱ ከከዳው፣ እየሮጠ ዞሮ በጣቱ ሰውየውን ሲሳደብ ዊልቼር ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ላይ ተጋጭቶ ይዘረራል። ይህን ትዕይንት የሚያየው የከሸፈበት ተጫዋች ብቻ ነው፤ ከተሳካው ይልቅ የከሸፈው እንደሚጥምም ብዙዎች ይመሰክራሉ። ነጭ የተባሉት ፈተናዎች ቢከሽፉም ችሎታ ሲጨምር ዳግም ይከፈታሉ፤ ቀዮቹ አንዴ ብቻ ይሞከራሉ። ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ዕድሉን ከፍ ወይም ዝቅ ያደረገው ነገር ሁሉ ይዘረዘራል፦ ቀደም ብሎ የተነገረ ቃል፣ የተገኘ ማስረጃ፣ የተለበሰ ጫማ ጭምር። እዚህ ዕጣው የተጫዋቹ የቀድሞ ምርጫዎች ድምር ነው፤ ከሰማይ ዱብ አይልም።

ይህም ሆኖ ከአንድ ነገር አላመለጠም። ጌሙ በየትኛውም ቦታ ማለት ይቻላል ሴቭ ስለሚያስደርግ፣ ብዙ ተጫዋች ዳይሱ በከሸፈ ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሶ እስኪሳካለት ይሞክራል። ጸሐፊዎቹ የደከሙባቸው የውድቀት ገጾች በዚህ ዓይነት ሳይነበቡ ይቀራሉ።

የ«ኤፍ ቲ ኤል» ሠሪዎች ራሳቸው በ2018 ባወጡት «ኢንቱ ዘ ብሪች» ወደ ሌላው ጠርዝ ሄዱ። ይህ ታሪክ የሚነበብበት ጌም አይደለም፤ ወደ ቼዝ ይቀርባል። እያንዳንዱ ጠላት በቀጣዩ ዙር የት እንደሚመታ አስቀድሞ ይታያል፤ የተጫዋቹ ምት ፈጽሞ አይስትም። ካርታውና የጠላቶቹ አመጣጥ በዕጣ ነው፤ ከውሳኔ በኋላ የሚመጣ ዕጣ ግን አንድ ብቻ ቀርቷል። ሕንፃ ሲመታ ሳይፈርስ የመትረፍ ዕድል አለው፣ መነሻውም 15 በመቶ ነው። ይህ ዕጣ ሲወጣ ተጫዋቹ የጠፋ ያለውን ሕንፃ ያተርፍለታል፤ ሳይወጣ ሲቀር የሚሆነው አስቀድሞ ያወቀው ነው።